ከበርሜሉ እስከ ቦኖው ስንት እርምጃ ነው?

በሰፈራችን አራት ሆነው የተደራጁ ሳሙና አምራቾች አሉ። በተከራዩት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሞራና ከዘይት ደረቅ ሳሙና ያበስላሉ። አንድ ቀን ጠዋት ከመካከላቸው አንዷ በርሜሉ ውስጥ አስቀድማ በጨመረችው ኮስቲክ ሶዳ ላይ ውሃ አፈሰሰችበት። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው፤ ውሃው ቀድሞ ይገባል፣ ኮስቲኩ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። ድብልቁ ወዲያው ፈላና ተፈናጥሮ ክንዷንና ደረቷን መታት። በሽርጧ ጠረገችው። ጓደኛዋ ጄሪካን አንሥታ ወደ ቦኖው ሮጠች፤ የዚያን ቀን ግን የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ አልነበረም። ከጎረቤት ውሃ ለምና እስክትመለስ ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ። ዛሬ ጠባሳው ተኮማትሮ ክርኗ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። በኋላ ከበርሜሉ እስከ ቦኖው ያለውን ርቀት በእርምጃ ለካሁት፤ ሰማንያ አራት ነው።

በየፋብሪካውና በየወርክሾፑ ስለሚደርሰው የኬሚካል ቃጠሎ ሲነሣ ወሬው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አያልፍም፤ አንድም ስለ ሠራተኛው ጥንቃቄ፣ አንድም ስለ ሆስፒታሉ አቅም ነው። ሁለቱም ቁም ነገር አላቸው። የጉዳቱን መጠን በአብዛኛው የሚወስኑት ግን በሁለቱ መካከል ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። በእነዚያ ደቂቃዎች ሠራተኛውን የሚያድነው አጠገቡ ያለ ውሃ ነው፤ ውሃው የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ደግሞ ሠራተኛው አይደለም።

እሳት ወይም የፈላ ውሃ ሲያቃጥለን እጃችንን እናሸሻለን፤ የሙቀቱ ምንጭ ተለየን ማለት ነው። ኬሚካል ግን አብሮን ይሄዳል። ቆዳ ላይ፣ ልብስ ውስጥ፣ ጫማ ውስጥ እስካለ ድረስ ያቃጥላል። በዚህ ላይ ሁለቱ ዋና ዋና ዓይነቶች የሚሠሩት በተለያየ መንገድ ነው። እንደ ሰልፈሪክ ያሉ ጠንካራ አሲዶች የቆዳን ፕሮቲን እንደተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ያረጉታል፤ የረጋው ክፍል ቅርፊት ይሆንና አሲዱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ በመጠኑ ይገታዋል። ኮስቲክ ሶዳ፣ ኖራና የመሳሰሉት አልካሊዎች ግን እንዲህ ያለ ቅርፊት አይሠሩም። ፕሮቲኑን ያሟሙታል፣ ስቡንም ይበሉታል። ኮስቲክ የነካው እጅ የሚያሙለጨልጨው ለዚህ ነው። በርሜሉ ውስጥ ሞራውን ሳሙና የሚያደርገው ያው ኬሚካል ከቆዳ ሥር ያለውንም ስብ ሳሙና እያደረገው ነው።

አልካሊ የከፋበት ሌላም ምክንያት አለ። አሲድ ወዲያው ስለሚለበልብ ሰው ይጮኻል፣ ይሮጣል። አልካሊ ግን በተለይ ቀጠን ያለው መጀመሪያ ላይ እምብዛም ላያም ይችላል። ሠራተኛው በጨርቅ ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሕመሙ ሲመጣ ቃጠሎው ጠልቋል።

የዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው በየሕንፃ ግንባታው ነው። ሲሚንቶን አደገኛ ኬሚካል ብሎ የሚጠራ ግንበኛ አላጋጠመኝም። በውሃ የራሰ ሲሚንቶ ግን ፒኤች በሚባለው የአሲድና የአልካሊ መለኪያ ከ12 እስከ 13 ይደርሳል። ንጹሕ ውሃ 7 ላይ ነው፤ በዚህ መለኪያ የአንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ስለሆነ ርቀቱ የትየለሌ ነው። አርማታ ሲሞላ የዋለ ቀን ሠራተኛን አስቡት። ሶሌታው ላይ ተንበርክኮ ያስተካክላል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ርሷል። ወይም አጭር ቦቲ አድርጓል፤ ድብልቁ ከላይ ገብቶ ካልሲው ውስጥ ተጠራቅሟል። ቦቲው ውሃ ስለማያስገባ ውሃ አያስወጣም። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ቆዳው ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ያገኘዋል። አላመመኝም ነበር ይላል፤ እውነቱን ነው።

ቆዳ ፋብሪካ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበስባል። በሞጆም ሆነ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ፋብሪካዎች ጠረን የሚያውቅ ሁሉ ከጠረኑ በስተጀርባ ያለውን አሠራር አያውቅም። ጥሬው ቆዳ ጠጉሩ እንዲለቅ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይዘፈዘፋል፤ ይህ ጠንካራ አልካሊ ነው። ከዚያ ከታጠበ በኋላ ቆዳውን ለሚያለፋው ክሮም እንዲዘጋጅ በጨው፣ በሰልፈሪክና በፎርሚክ አሲድ ይታሻል። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ ውስጥ ከመለኪያው አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሊዘዋወር ይችላል። ይባስ ብሎ የሰልፋይዱ እጣቢና የአሲዱ እጣቢ በአንድ ቦይ ከተገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ይወጣል። ጋዙ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ቦይ ሊያጸዳ የወረደ ሰው፣ እሱን ሊያወጣ የተከተለውም ሰው የሚሞቱት በዚህ ነው።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥጡን ለማጽዳትና ለማብረቅ ኮስቲክ ይጠቀማል። ቢራና ለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ጠርሙስና ጋን የሚያጥቡት በሞቀ ኮስቲክ ነው። ስኳር ፋብሪካ ማትነኛ ጋኖቹን ሲያጸዳ ይኸው ነው። ኬሚካሎቹ ለአገራችንም አዲስ አይደሉም፤ ሰልፈሪክ አሲድ በአዋሽ መልካሳ፣ ኮስቲክ ሶዳ በባቱ ሲመረት ኖሯል። ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ውጭ ደግሞ የመኪና ባትሪ ጠጋኙ አለ። «የባትሪ ውሃ» የሚለው ስም ብዙ ሰው አዘናግቷል፤ ውሃ ሳይሆን ከሲሶው በላይ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚወጣ አንዲት የገመድ ብልጭታ ልታፈነዳው ትችላለች። ጠጋኙ አብዛኛውን ጊዜ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው። የሚረጨው አሲድ የሚያገኘው ፊቱንና ዓይኑን ነው።

ስለ ዓይን ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉም የከፋው እዚያ ነው። አልካሊ የዓይንን የፊት ሽፋን አልፎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ለመግባት የሚፈጅበት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ጥቁሩ የዓይን ክፍል ከነጩ ጋር በሚዋሰንበት ቀለበት ላይ ጥርት ያለውን ሽፋን ዕድሜ ልክ የሚያድሱ ሴሎች አሉ። እነዚያ ከሞቱ ሽፋኑ ይደፈርሳል፤ ከዓይን ባንክ በተገኘ ሽፋን ንቅለ ተከላ ቢደረግ እንኳ የሚያድሱት ሴሎች ስለሌሉ ብዙ ጊዜ አይጸናም። ስለዚህ ዓይኑ ኮስቲክ የገባበት ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና አይደለም። ሁለት ሰዎች ያስፈልጉታል፤ አንዱ የዓይኑን ቆብ ከላይና ከታች ገልጦ ይይዝለታል፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ በቀስታ ያፈስለታል። የታመመው ዓይን ወደ ታች ያዘነብላል፤ እጣቢው ወደ ጤነኛው እንዳይፈስ። ሰውየው በሕመም ብዛት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይታገላልም። መልቀቅ የለባቸውም።

ለቆዳም መድኃኒቱ ያው ነው፤ ብዙ ውሃ፣ ለረጅም ጊዜ። ለአሲድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ለአልካሊ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ። አገር ቤት ግን ይህን የሚቃወሙ ልማዶች አሉብን። ቃጠሎን ውሃ ከነካው ያቋጥራል የሚለው አንዱ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ መቀባት ሌላው። ኮስቲክን በሎሚ ወይም በአቼቶ ማርከስ ደግሞ ትምህርት የቀመሰውም ሰው የሚሞክረው ነው፤ በክፍል ውስጥ አሲድና አልካሊ ይመካከናሉ ተብሎ ተምሯልና። መመካከኑ ሙቀት ያወጣል፤ ከሙቀቱም በላይ ሎሚ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ይጎዳል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ኖራው፣ ሲሚንቶው ወይም ኮስቲኩ ገና ደረቅ ዱቄት ወይም ቅርፊት ከሆነ መጀመሪያ በደረቁ ይራገፋል፣ ከዚያ ውሃ ይከተላል።

ለየት ያለ አያያዝ የሚፈልግም አለ። አንዳንድ የዝገት ማስለቀቂያዎች ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳ ላይ ትንሽ ቁስል ብቻ ያሳይና ከውስጥ የሰውነትን ካልሲየም እየነጠቀ ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል። ከውሃው ቀጥሎ ካልሲየም ግሉኮኔት የተባለ ቅባት ያስፈልገዋል። ይህን አሲድ የሚጠቀም ድርጅት ቅባቱን ከአሲዱ ጋር አብሮ መግዛት አለበት፤ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በየመድኃኒት ቤቱ መፈለግ አያዋጣም።

ልብስ ማውለቅ የሕክምናው ግማሽ ነው። ቱታው ኬሚካል ጠጥቶ ሰውነት ላይ እንደተለጠፈ ውሃ ማፍሰስ ኬሚካሉን ወደ ታች ማውረድ ነው። እዚህ ላይ መመሪያ ጸሐፊዎች የሚዘሉት ነገር አለ። በብዙ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አብዛኛው ሠራተኛ ወጣት ሴት ነው። ደረቷ ላይ ኮስቲክ የፈሰሰባት ልጅ በወንዶች ፊት፣ በፈረቃ ኃላፊዋ ፊት ሸሚዟን አታወልቅም። ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ትሮጣለች፤ እዚያ እስክትደርስ ስንት ሰከንድ ይሄዳል? መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በድንገተኛ መታጠቢያው ዙሪያ የሚሳብ የፕላስቲክ መጋረጃና አንድ ንጹሕ ጋቢ። መጋረጃ የሌለው መታጠቢያ ለግማሹ ሠራተኛ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለ መታጠቢያው ራሱ ደግሞ በቁጥር እንነጋገር። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካ መለኪያ የድንገተኛ መታጠቢያ ከአደጋው ቦታ በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚደረስበት፣ መንገዱ ያልተዘጋና ለ15 ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚፈስ መሆን አለበት ይላል። ለገላ መታጠቢያው የሚያስፈልገው ፍሰት በደቂቃ 76 ሊትር ገደማ ነው። በ15 ሲባዛ 1,140 ሊትር ይመጣል። በአገራችን ከተሞች ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ከከተማው መስመር ላይ በቀጥታ የተገጠመ መታጠቢያ በሳምንቱ ስንት ቀን ይሠራል? በየሕንፃው ጣሪያ ላይ የምናየው አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ እንኳ ለ15 ደቂቃ አይበቃም። ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ፣ ለዚሁ ብቻ የተመደበ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠና ለመጸዳጃ ቤት የማይቀዳበት ሮቶ ግን ይበቃል። አልካሊ ከዚያም በላይ ጊዜ ስለሚፈልግ ትርፍ ቢኖር መልካም ነው። ይህ ለአንድ ፋብሪካ ከባድ ወጪ አይደለም። ለአራቱ ሳሙና አምራቾችም ቢሆን ክዳን ያለው ሁለተኛ በርሜልና አንድ ጣሳ ብዙ ይለውጥ ነበር። አሁን አላቸው፤ ያ በርሜል ሳይሞላ የኮስቲኩ ጆንያ አይፈታም።

አንባቢ እስካሁን ስለ ጓንትና መነጽር ለምን አላወራም ይል ይሆናል። ጓንት አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ከመከላከያዎች ሁሉ የመጨረሻው ነው። ከሱ በፊት የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ። አሲዱን ሳይቀጠን ገዝቶ ግቢ ውስጥ ከማቅጠን ቀጥኖ የመጣውን መግዛት ይቻላል ወይ? ኮስቲኩን በጆግ ከመቅዳት በፓምፕና በዝግ ቱቦ ማስተላለፍ ይቻላል ወይ? ያረጀው የቧንቧ ማሰሪያ መቼ ተቀየረ? ለሠራተኛ በእጁ ጆግ ሰጥቶ «ተጠንቀቅ» ማለት አደጋውን ከአሠሪው ትከሻ ወደ ሠራተኛው ትከሻ ማሸጋገር ነው። ጓንቱም ቢሆን ዓይነቱ ይለያያል። ከቆዳ ወይም ከጨርቅ የተሠራው ኬሚካሉን ጠጥቶ ከእጅ ጋር ያጣብቀዋል፤ ስሱ የሐኪም ጓንት ይቀደዳል። ረዘም ያለ፣ ወፍራም የጎማ ጓንት ነው የሚያስፈልገው፤ ቱታውም ከቦቲው ውጭ መውረድ አለበት፣ ወደ ውስጥ ከተከተተ የሚፈሰውን ሁሉ ወደ ጫማው ያወርደዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ረገድ ደካማ ሕግ አይደለም። አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን እንዲያሳውቅና እንዲያሠለጥን፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ የደህንነት ኃላፊ እንዲመድብ፣ የሚደርሰውን ጉዳት መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። ከሁሉም በላይ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በጊዜያዊነት ከሥራ ለተለየ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ ከዚያ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ እንዲከፈለው ይደነግጋል።

ነገር ግን አንድ በር ክፍት ነው። አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደህንነት መመሪያ ሠራተኛው ሳያከብር ከተጎዳ አሠሪው ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። በመርህ ደረጃ ስህተት አይመስለኝም። ችግሩ «ግልጽ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በርሜሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በቻይንኛ፣ በቱርክኛ ወይም በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ሠራተኛዋ ሲዳምኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ሆና ሳለ ምኑ ነው ግልጽ የሆነው? የተባበሩት መንግሥታት በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው የኬሚካል ምልክት አሰጣጥ ሥርዓት ቋንቋ ለማይገባው ሰው የታሰቡ ሥዕሎች አሉት፤ ቆዳንና ብረትን የሚበላ ኬሚካል ምልክቱ ከሁለት ብልቃጥ ፈሳሽ ሲንጠባጠብ አንዱ ብረትን፣ ሌላው የሰው እጅን ሲበላ የሚያሳይ ነው። ይህን ሥዕል ለሠራተኛ ማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኬሚካሉ ከዋናው በርሜል ወደ ዘይት ጄሪካንና ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ሲገለበጥ ግን ሥዕሉም ወረቀቱም እዚያው ይቀራል። ግቢ ውስጥ ያለ ስም በጄሪካን የተቀመጠ ፈሳሽ አይቶ ያለፈ ተቆጣጣሪ ዋናውን ነገር አልፎታል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ካላቸው ጥቂት የአገሪቱ ሆስፒታሎች አንዱ አዲስ አበባ የሚገኘው የካቲት 12 ነው። ከሞጆ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከሐዋሳ ደግሞ የብዙ ሰዓት መንገድ ነው። ታካሚውን የሚሸኝ ሰው ሊዘነጋው የማይገባ ነገር ቢኖር የኬሚካሉን ስም ይዞ መሄድ ነው፤ በርሜሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። «አሲድ ነው» ተብሎ በኮስቲክ የተቃጠለ ሰው ሲመጣ ሐኪሙ ስለ ጥልቀቱ የሚገምተው ሁሉ ይዛባል። ጥልቅ ቃጠሎ የሞተውን ቆዳ በቀዶ ሕክምና ማንሣት፣ ከጭን ቆዳ ወስዶ መተካት፣ ከዚያም ለወራት መገጣጠሚያውን እያፍታቱ ማለማመድ ይጠይቃል። ብዙዎች የሚያቋርጡት የመጨረሻውን ነው። ቁስሉ ደርቋል፣ ሥራ ይጠብቃል፣ ለመመላለሻ የሚሆን ገንዘብ አልቋል። ጠባሳው ግን ቁስሉ ከደረቀ በኋላም መሰብሰቡን ይቀጥላል።

የሰፈራችን ልጅ ክርን እንዲሁ ነው የተሰበሰበው። ጠባሳውን በቀዶ ሕክምና መልቀቅ እንደሚቻል ነግረዋታል። በአዋጁ ላይ የተጻፈው የሦስት ወር ደመወዝም ሆነ የሕክምና ወጪ እሷን አይመለከታትም፤ የማኅበሩ አባል እንጂ ተቀጣሪ ስላልሆነች የምትጠይቀው አሠሪ የላትም። ሦስቱ ጓደኞቿ ከየወሩ ሽያጭ ላይ ለቀዶ ሕክምናው የሚሆን ገንዘብ ይለዩላታል። እስከዚያው በርሜሉን የሚያማስሉት እነሱ ናቸው፤ እሷ በቀኝ እጇ ሳሙናውን ትቆርጣለች።